አሥር እርምጃ ቀድሜ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ስንሄድ እኔ ሁልጊዜ አሥር እርምጃ ያህል ቀድሜ ነበር የምሄደው። ማንም አላዘዘኝም። እሷም ቅደም አላለችኝም። ከቤት ስንወጣ ጎን ለጎን እንጀምራለን። ዋናው መንገድ ጋ ስንደርስ ግን እግሬ በራሱ ጊዜ ይፈጥናል። ስልክ እንደተደወለለት ሰው ስልኬን ጆሮዬ ላይ እለጥፋለሁ። የድሬዳዋ ዛፍ አበባውን አራግፎ አስፋልቱ ቀይ ሆኗል። ያንን ቀይ እያየሁ፣ ከኋላዬ የጫማዋን ድምፅ እየሰማሁ እሄዳለሁ። ጎረምሶች «ዋርያ!» ብለው እንደ ወንድ ሲጠሯትና ሲስቁባት እሰማለሁ። አልዞርም።

ይህን ያደረግኩት ለዓመታት ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ አሥር እርምጃ ነው።

ስሜን አልጽፍም። የእሷንም አልጽፍም። ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ያነበበችው እሷ ናት። «ይሄን አውጣው» ያለችኝን አውጥቻለሁ፤ «ይሄን እንዳትነካው» ያለችኝን አልነካሁትም። የአሥሩ እርምጃ ነገር እንዳትነካው ካለችኝ ውስጥ ነው።

እኔ ወንድ ነኝ፤ የማፈቅረውም ወንድ ነው። ይህን የሚያውቁ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ። እሷ ደግሞ ትራንስ ሴት ናት። ስትወለድ እንደ ወጉ ለወንድ ልጅ የሚባለው ሰባት እልልታ ተብሎላታል። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ግን ሴት ናት። «ሴት መሆን እፈልጋለሁ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ሴት ነኝ» ነው የምትለው። የእኔ ነገር ማንን ነው የማፈቅረው የሚል ነው። የእሷ እኔ ማን ነኝ የሚል ነው። ፍናፍንት ከሚባሉት፣ ሲወለዱ አካላቸው ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አካል ከሚለይ ሰዎች ጋርም አንድ አይደለም። ሦስት የተለያየ ነገር ነው። መንገድ ላይ ግን ሁላችንም የምንጠራው በአንድ ስድብ ነው፤ የሚሳደብ ሰው ቆሞ አይለይም።

ከእሷ ጋር የሚለየኝ ትልቁ ነገር መደበቅ መቻሌ ነው። ድምፄ ወፍራም ነው። አረማመዴ ማንንም አያስዞርም። ሰርግ ላይ «አንተስ መቼ ነው?» ሲሉኝ «እግዜር ያውቃል» ብዬ አልፋለሁ። እሷ አንገቷን ስታዞር፣ ሂሳብ ስትከፍል፣ ከባጃጅ ስትወርድ ሁሉ ነገሯ ይታያል። ላሳይ ብላ አይደለም። እንዲሁ ናት።

ስለ ቋንቋ ትንሽ ልበል፤ እሷ ነች ያሳየችኝ። አማርኛ ላይ «እኔ» ፆታ የለውም። መጣሁ፣ በላሁ፣ ደከመኝ። ወንድም ሴትም አንድ ዓይነት ነው የምንለው። ፆታው የሚመጣው ሌላው ሰው አፉን ሲከፍት ነው። መጣህ፣ መጣሽ። ስማ፣ ስሚ። «ስለ ራሴ ሳወራ ማንም ምንም አይለኝም፤ ሰው ሲያናግረኝ ነው የሚጀምረው» ትለኛለች። አንቱታው ይህንን ይሸፍን ነበር። እርስዎ ሲባል ወንድ ሴት የለበትም። ግን ድሬና ሐረር አንቱታ አናበዛም። ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው። በዚህ ስንኮራ ነው ያደግነው፤ ግልጽ ነን፣ ልባችን ክፍት ነው እያልን። እሷን ያ ክፍትነት በየሱቁ በር ላይ «አንተ» እያለ ይቀበላታል።

ኦሮምኛ ላይ ግን «አቲ» አለ። አቲ ለወንድም ለሴትም ነው። «አካም ጂርታ?» ሲባል የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። «ኮቱ» ሲባልም እንዲሁ፤ ና እና ነይ አንድ ቃል ናቸው። ሶማሊኛም ፊት ለፊት ሲያናግሩ ግሡ አይለይም። ኦሮምኛ የሚለየው ስለሌለ ሰው ሲወራ ነው። ስለዚህ ቀፊራ ገበያ ስትወጣ አማርኛ አታወራም። ሽንኩርቱን በኦሮምኛ ትገዛለች፣ በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ በኦሮምኛ ምርቃት ትቀበላለች። ድሬ ተወልዶ ሦስት ቋንቋ የማያወራ ስለሌለ ማንም አይገርመውም። አማርኛዋ የሚመለሰው ቤት ገብታ በር ስትዘጋ ነው።

እኔ ቤት ውስጥ አንቺ፣ ውጭ አንተ እላት ነበር። ውጭ አንቺ ብላት ሊያጋልጣት ይችላል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አንተ ስላት እጠብቅ የነበረው ራሴን ነው። ምን ይሻልሻል ብዬ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እሷ መንገዱን በኦሮምኛ ስታበጅ ነው ያየሁት።

አንድ ቤት ነበረን። ሰፈሩን አልልም። ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ሰባት ሆነን እንሰበሰባለን። በርጫ ነው። ፍራሽ፣ ትራስ፣ ኦቾሎኒ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። ለጎረቤት የሚታየው በርጫ ብቻ ነው፤ ድሬ ላይ በርጫ የተቀመጡ ወንዶች የማንንም ዓይን አይስቡም። እርስ በርሳችን «ዜጋ» ነው የምንባባለው። ቃሉን አገር ውስጥ ያለን ብዙዎች እንጠቀምበታለን። «እሱ ዜጋ ነው» ብንል አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማም። እኛ ግን እንሰማለን። ይህች አገር የእኔም ናት የሚል ነገር አለበት። እወደዋለሁ ቃሉን።

ድሬ ሙቀቷ ስለማይቻል ቤት ስንገባ ሱሪ አውልቀን ሽርጥ እንታጠቃለን። እኛ ከወገባችን ላይ እናስረዋለን። እሷ ያንኑ ሽርጥ ከፍ አድርጋ ብብቷ ሥር አዙራ፣ ጫፉን ደረቷ ላይ ትወትፈዋለች፤ እናቶቻችን ገላቸውን ታጥበው ሲወጡ እንደሚያደርጉት። ያው ጨርቅ ነው፤ ያው ሰማያዊና ነጭ መስመር። ከዚያ እግሯን አጥፋ ትቀመጥና አንድ ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች። ሳምንቱን ሙሉ ይዛው የቆየችው ትንፋሽ ይመስለኝ ነበር። ያን ሰዓት ፊቷ ላይ የማየውን እረፍት ሌላ ቦታ አይቼባት አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ እሷ ሳትደርስ አንዱ ነገሩን አነሳው። ሰፈር ውስጥ «ያ ልጅ ማነው?» መባል ተጀምሯል አለ። እኛን ማንም አይጠረጥርም፤ እሷ በመጣች ቁጥር ግን ዓይን ይከተላታል፤ በእሷ ሰበብ ሁላችንም እንጋለጣለን። ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቶ ነው። ሌላው ቀጠለ፤ ለእሷም ለእኛም ደህንነት ሲባል ለጊዜው ባትመጣ አለ። አንዱ ብቻ «ደስ አይልም» አለ፤ ከዚያ እሱም ውሃውን ጠጣ። እኔ ምንም አላልኩም። ዝም ያለ እንደተስማማ ተቆጠረ። ቅርቧ አንተ ነህ ተብዬ እንድነግራት ተላክሁ።

ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆመን ነገርኳት። «ለደህንነት ነው» አልኳት።

«የማን?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ባጃጅ አስቆመችና ሄደች።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ቤት ውስጥ የሆነው ነገር ሌላ ቦታ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ለማየት ፈለግኩ። ሆኖ ያውቃል። ያውም ገና ከመጀመሪያው።

ጁን 28 ቀን 1969 (የውጭውን ታሪክ ዓመቶች የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኒውዮርክ ውስጥ ፖሊስ ስቶንዎል ኢን የሚባል መጠጥ ቤት ወረረ። ቤቱ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚሰበሰቡበት ነበር። ሰዉ እንደወትሮው አንገቱን ደፍቶ አልተበተነም፤ ግጭቱ ለቀናት ቀጠለ። በየዓመቱ በዓለም ዙሪያ የሚደረገው የፕራይድ ሰልፍ ከዚያ ነው የመጣው። ከዚያ ትግል ጋር ሁልጊዜ ስማቸው የሚነሳ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ማርሻ ፒ. ጆንሰንና ሲልቪያ ሪቬራ። አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ከላቲን አሜሪካ ቤተሰብ። ሁለቱም ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት ይኖሩ የነበሩ፣ ጎዳና የሚያውቃቸው ድሆች። ትራንስጀንደር የሚለው ቃል ያኔ ገና አልተለመደም። በ1970 ስታር የሚባል ማኅበር አቋቋሙ፤ ቤት የሌላቸውን ልጆች የሚያስጠጉበት ቤትም ከፈቱ። ኪራዩን ለመክፈል ራሳቸው ሌሊት ጎዳና ይወጡ ነበር። ልጆቹ እንዳይወጡ።

ከስቶንዎል አራት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1973፣ የዚያኑ ቀን መታሰቢያ ዋሽንግተን ስኩዌር ፓርክ ውስጥ ሲደረግ ሲልቪያ እንድትናገር አልተፈለገም። ታግላ መድረክ ላይ ወጣች። ሕዝቡ ጮኸባት። የራሷ ሕዝብ። የዚያ ቀን ፊልም አለ፤ አይቼዋለሁ። ድምጿ እስኪሰነጠቅ የምታወራው እስር ቤት ስላሉ ሰዎች ነው። ስለሚደበደቡት፣ ስለሚደፈሩት፣ ከዚያ ውስጥ እርዳታ ፈልገው ለእሷ ስለሚጽፉት። እናንተ ምን ታደርጉላቸዋላችሁ ነው ጥያቄዋ። በዚያ መድረክ እንደ እሷ ያሉትን ተቃውማ የተናገረችው ጂን ኦሊሪ ከዓመታት በኋላ ተጸጽታለች። ሲልቪያ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከእንቅስቃሴው ለረጅም ጊዜ ራቀች። ማርሻ በ1992 ሀድሰን ወንዝ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ፖሊስ ራሷን አጥፍታ ነው ብሎ ዘጋው፤ መዝገቡ እንደገና የተከፈተው በ2012 ነው።

ፊልሙን ስልኬ ላይ አቁሜ የሚጮኹትን ሰዎች ፊት ፈለግኩ። ብዙም አይታይም። እኔ ግን የት ቦታ እንደምቆም አውቄዋለሁ። ከሚጮኹት ጋር አልነበርኩም። ትንሽ ወደ ኋላ፣ ውሃውን ከሚጠጣው ሰውዬ አጠገብ ነበርኩ።

ሲልቪያ የሞተችው በፌብሩዋሪ 2002 ነው። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች እንኳን የኒውዮርክ ሕግ ረቂቅ ትራንስ ሰዎችን እንዳይተው የመብት ድርጅት መሪዎችን ታግባባ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሕጉ ወጣ። ሰው በሚያፈቅረው ሰው ምክንያት ከሥራና ከቤት እንዳይባረር ይከለክላል። ፆታዊ ማንነት ግን የለበትም። እሱ ኒውዮርክ ላይ ሕግ የሆነው በጃንዋሪ 2019 ነው፤ ከ16 ዓመት በኋላ። በ2007 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተመሳሳይ ሕግ ለመላ አገሪቱ ሲያቀርብም ድምፅ አይሞላም ተብሎ ትራንስ ሰዎች ከረቂቁ ወጡ። ከ300 በላይ ድርጅቶች ይህ አይሆንም ብለው ተቃወሙ። ረቂቁ 235 ለ184 በሆነ ድምፅ ምክር ቤቱን አለፈ። ከዚያም ሕግ ሳይሆን ቀረ። እነሱን ጥለው ያተረፉት ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ ከሥራ መባረርን ለሁሉም የከለከለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጁን 15 ቀን 2020 ውሳኔ ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶች ጉዳይና የአንዲት ትራንስ ሴት ጉዳይ አብረው ታዩ፤ አብረው አሸነፉ። ሴትዮዋ ኤሚ ስቲቨንስ ትባላለች። የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ሠራተኛ ነበረች። እንደ ሴት ለብሼ እመጣለሁ ብላ ስለጻፈች ነው የተባረረችው። ውሳኔው ሊነበብ አንድ ወር ሲቀረው ሞተች። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ የስቶንዎል ብሔራዊ መታሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ትራንስጀንደር የሚለው ቃል ተነቅሶ ወጣ። የሲልቪያ ስም ሁልጊዜ የሚነሳበት ትግል መታሰቢያ ላይ።

«ድምፅ አይሞላም።» «ለደህንነት ነው።» ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው አንድ ሰው የተናገራቸው ይመስለኛል። መጀመሪያ እኛ እንለፍ፣ ከዚያ ተመልሰን እንወስድሻለን ማለት ነው። የተመለሰ ግን ብዙ የለም።

ወደ አገሬ ልመለስ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ኦገስት 2023 መሆኑ ነው፣ የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባሏቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰድን ነው አሉ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎችን ፎቶና ስም እየለጠፉ ማጋለጥ፣ ይገደሉ ማለት ተስፋፋ። ሀውስ ኦፍ ጉራማይሌ የሚባለው የኢትዮጵያውያን የመብት ስብስብ ይህን እየጠቀሰ እርዱን ይል ነበር። እኛ ድሬ ሆነን የአዲሳባ ጉዳይ ነው ብለን ነበር።

አንድ ቀን ቀፊራ ላይ አንድ ሰው ከጎን ቀረጻት። ቪዲዮው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ምንም አታደርግም። ቲማቲም እየመረጠች ነው። አንዱን ታነሳለች፣ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች፣ ትመልሰዋለች። ሌላ ታነሳለች። ላዩ ላይ ሳቅ ተጨምሮበታል። ከሥሩ የተጻፈውን አልደግመውም። ፊቷ በደንብ ይታያል።

በማግስቱ ማታ አከራይዋ እቃህን አውጣ አላት። የሦስት ወር ከፍላ ነበር፤ አልተመለሰላትም። ያን ሌሊት ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ። ስልኬ ሲበራ አየሁት። ስሟ ስልኬ ላይ የተመዘገበው በወንድ ስም ነበር፤ ሰው ቢያይ ብዬ። ያ የወንድ ስም ሦስት ጊዜ በራ፣ ሦስት ጊዜ ጠፋ። አላነሳሁም። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ያስገቧት ደቻቱ ወንዝ ዳር ቡና የሚያፈሉ እናት ናቸው። አያውቋትም ነበር ማለት ይቻላል፤ አልፎ አልፎ ቡና የምትጠጣ ደንበኛ ናት። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም «ልጄ፣ እራት ተበልቷል?» አሏት። አንተም አንቺም የለበትም። አስበው ይሁን ሳያስቡ አላውቅም። ስትነግረኝ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። ሁለት ሳምንት ከእሳቸው ጋር ተቀመጠች። እኔ ባለ ዲግሪው፣ ስለ መብት የማነበው ያላደረግኩትን እሳቸው በአንዲት ጥያቄ አደረጉት።

ለምን ፖሊስ ጋ አልሄደችም የሚለኝ አለ። የወንጀል ሕጋችን ከአንቀጽ 629 እስከ 631 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይቀጣል፤ እስር ነው። ስለ ትራንስጀንደር ሰው ግን አንድ ቃል የለውም። ቲማቲም መምረጥ ወንጀል አይደለም። እቃ መጣል፣ ማስፈራራት፣ የሰው ኪራይ መብላት ናቸው ጥፋቶቹ። ግን ጣቢያ ገብታ የምትጠየቀው መጀመሪያ መታወቂያ ነው። መታወቂያው ወንድ ይላል፤ የቆመችው እሷ ናት። ከሳሽ ሆና ገብታ ተከሳሽ ሆና እንዳትወጣ ትፈራለች። አሳዳጆቿ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ አይፈሩም።

ሕክምናውም እንደዚያው ነው። እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ሐኪም ስለማያገኙ ከፋርማሲ የወሊድ መከላከያ ክኒን እየገዙ በራሳቸው ይውጣሉ። ኤስትሮጅን ያለው ክኒን ደም ሊያረጋ ይችላል፤ ክትትል ይፈልጋል። ማንም አይከታተላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ትራንስ መሆንን ከአእምሮ ሕመሞች ክፍል አውጥቶታል። ያ ወረቀት እኛ ጋ ያለ ፋርማሲ በር ላይ አልደረሰም።

ባህላችን አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ነው ይሉናል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሴታ ሴት» የሚለውን ቃል ቲክቶክ አላመጣውም። «ወንዳ ወንድ» የሚለውንም። አያቶቻችን አፍ ላይ ነበሩ። ሰው ደግሞ አይቶት ለማያውቀው ነገር ስም አያወጣም። በዚህ አልከራከርም፤ ይህ ጽሑፍ ለእነሱ አይደለም። ለእኛ ነው። መደበቅ ለምንችለው።

ኖቬምበር 20 የተገደሉ ትራንስ ሰዎች የሚታወሱበት ቀን ነው፤ በ1998 ቦስተን ከተማ ቤቷ ውስጥ ከተገደለችው ሪታ ሄስተር ሞት በኋላ ነው የተጀመረው። ማርች 31 ደግሞ በሕይወት ያሉት የሚታዩበት ቀን ነው፤ እሱ ከ2009 ጀምሮ አለ። የሞቱት ቀን ብቻ ይኑረን እንዴ ብላ ነው አንዲት ትራንስ ሴት የጀመረችው። የታይነትን ነገር ከጓደኛዬ ጋር ብዙ አውርተንበታል። እኔ ድሬ ላይ ታይነት ሞት ነው እል ነበር። እሷ ትስቅብኛለች። «እኔ እኮ ስታይ ነው የኖርኩት። ያልታየኸው አንተ ነህ» ትለኛለች። እሷ የምትፈልገው ሰልፍ አይደለም። የሚያያት ሰው እንዳለ ማወቅ ነው። ማታ ስትደውል የሚያነሳ፣ ቀፊራ ስትሄድ አብሯት የሚሄድ፣ ቪዲዮ ሲወጣ ሪፖርት የሚያደርግ፣ የአንድ ወር ኪራይ የሚያበድር። ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ለስድስት ሰባት ዜጋ ግን ምንም አይደለም። ቅዳሜ ለጫት ከምናወጣው ገንዘብ ላይ ብንቀንስ ይሸፈናል። ቆጥሬዋለሁ።

ደግሞ ጎረቤት አገር አይቶ ተስፋ ማድረግ ይቻላል። ኬንያ ውስጥ ኦድሪ ምቡጓ የምትባል ትራንስ ሴት የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ሰርተፊኬቷ ላይ የወንድ ስም ስላለበት ሥራ ማግኘት አቃታት። የፈተና ድርጅቱን ከሰሰች። በ2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስሟ እንዲቀየርና የፆታ ምልክቱ እንዲነሳ አዘዘ። አንዲት ወረቀት ናት። ጓደኛዬ የ12ኛ ክፍል ውጤቷን ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋ ሻንጣዋ ታች አስቀምጣዋለች። ውጤቷ ከእኔ ይበልጣል።

ባለፈው ወር ሐረር ሄድኩ፤ እሷ አሁን እዚያ ናት። ከዚያ ሌሊት በኋላ ይቅርታ የጠየቅኳት በስልክ ነበር፤ ወራት ቆይቼ። «ሰማሁ» ብላ ዘጋችው። አሁን ራሷ ና አለችኝ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ሙቀቱ እየቀነሰ፣ ሆዴ እየባሰበት ሄደ።

ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ጋ ጠብቀኝ አለችኝ። ልብስ ሰፊዎቹ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው ለመንገዱ ስም የሰጠው። እሷ አንድ ሽማግሌ ሰፊ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ደረስኩ። ሰማያዊ ጨርቅ ይዛለች፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያለበት። ሰውዬው ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ተነሱ። ትከሻዋን ለኩ። ደረቷን ለኩ። ወገቧን ለኩ። እያንዳንዱን ቁጥር በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋሉ። ቁመቱን ሲለኩ ሜትሩ ጉልበቷ ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩዋት። እሷ ምንም ሳትል እጇን ዝቅ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን ነካች። ሜትሩን እስከዚያ ለቀቁት፣ ቁጥሩን ጻፉ። «ለማን ነው?» አላሉም። «ለሐሙስ» አሉ።

ቀይ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሥር ቆመን ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ጠጣን። ያሰብኩትን ሁሉ ልናገር ስል ተቀላቀለብኝ። ስልኩን እንዳየሁት፣ እንደገለበጥኩት፣ የመዘገብኩትን ስም ነገርኳት። ያንን የወንድ ስም እንዴት እንዳወቀች አላውቅም፤ ታውቀው ነበር። «ቀየርከው?» አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። የራሷ ስም ነው ያለው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና «ፊደሉን ተሳስተሃል» አለች። እዚያው አስተካከልኩት።

የድሬ መኪና ወደሚገኝበት ሸኘችኝ። ፈረስ መጋላ ላይ ሰው ይገፋፋል። ጥግ ላይ የቆሙ ልጆች አዩን። አንዱ ጮክ ብሎ የሆነ ነገር አለ፣ ሌሎቹ ሳቁ። እግሬን ጠበቅኩት፤ ሊፈጥን ይሆን ብዬ። አልፈጠነም። የፈጠነችው እሷ ናት። ለካ እሷም ለዓመታት የለመደችው ነገር ነው፤ እኔ እንዳልታይ ወደ ኋላ መቅረት ወይም ወደ ፊት መራቅ። አሁን አራት አምስት እርምጃ ቀድማኛለች። በአማርኛ ልጠራት አልኩና ተውኩት።

«ሱታ ዴሚ» አልኳት፤ ቀስ ብለሽ ሂጂ።

ቆማ ጠበቀችኝ።